ሪጅላ ጓሮዬን ወረሰው፦ ልንቀለው ወይስ ልብላው? (ድሬዳዋ)

ሳቢያን_ጓሮ — ሚያዝያ 9

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሳቢያን ነው። ከቤቴ ጀርባ 3 በ4 ሜትር የምትሆን መደብ አለችኝ፤ ቆስጣ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ትንሽ ሽንኩርት አለባት። የመጋቢቱ ዝናብ ከጣለ ወዲህ አንድ አረም መሬቱን ወርሶታል። ግንዱ ቀላ ያለና ውሃ የቋጠረ ነው፤ ቅጠሉ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ጫፉ ክብ ነው። ከመሀሉ ተነስቶ በዙሪያው መሬት ለመሬት ይዘረጋል። ጠዋት ፀሐይ ስትበረታ ትንንሽ ቢጫ አበባ ያወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ተከድኖ ነው የማገኘው።

ሁለት ጊዜ አርሜዋለሁ። በመጀመሪያው ነቅዬ እዚያው መደቡ ጥግ ከመርኩት። የድሬን ፀሐይ ታውቃላችሁ፣ በሁለት ቀን አመድ ያደርገዋል ብዬ ነበር። በሳምንቱ ስመጣ ከክምሩ ሥር ያለው መሬት ይዞ ሥር ሰዷል፤ ከላይ ያለው ደግሞ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ አበባ አውጥቷል። በሁለተኛው ጊዜ በመኮትኮቻ ቆራረጥኩት። ያ ደግሞ ባሰ፣ አንዱ አሥር ሆነ።

ትናንት ጎረቤቴ በአጥር አሻግራ አየችኝና «ሪጅላ እኮ ነው! እናቴ እንዲህ ስትጥይው ብታይሽ ታዝንብሽ ነበር፣ ይበላል» አለችኝ። እናቷ የመን ተወልደው ያደጉ ናቸው። እውነት ይበላል? እንዴት ነው የሚሠራው? የማልበላውንስ በምን ላጥፋው?

---

ከዚራ_ጥላ — ሚያዝያ 9

ልጄ፣ ጎረቤትሽ እውነቷን ነው። እኔ ሰባ ዓመት አልፎኛል፣ ያደግሁት መጋላ ነው። አጠገባችን አንዲት የዐረብ አሮጊት ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ዝናብ ከጣለ በኋላ እኛን ልጆቹን ሰብስበው ሪጅላ ይልኩናል። «ጫፍ ጫፉን ቅጠፉ፣ ሥሩን ተዉት» ይሉናል። አምጥተን በትልቅ ሳህን ስንገለብጥላቸው አሸዋው እስኪለቅ ሦስት ውሃ ያጥቡታል፤ ከዚያ ከነለጋ ግንዱ ይከትፉና በእርጎ፣ በጨውና በተጨቀጨቀ ነጭ ሽንኩርት ይለውሱታል። ትኩስ ዳቦ እየቆረስን በልተን ሳህኑን የምንጠርገው በጣታችን ነበር።

ባቡሩ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ድሬ ከገባ ጀምሮ ይህች ከተማ ዐረቡን፣ ግሪኩን፣ አርመኑን፣ ሕንዱን፣ ፈረንሳዩን አንድ ላይ ያኖረች ናት። ዐረቡ ሪጅላ ይለዋል፣ ፈረንሳዩ ፑርፒዬ፣ ግሪኩ ግሊስትሪዳ፤ ሁሉም ግን ይበላዋል። ዛሬ የሰፈሬ ልጆች እየረገጡት ሲያልፉ ሳይ ይቆጨኛል።

---

አረም_ነቃይ — ሚያዝያ 10

አባባ የጻፉት ልክ ነው። ሙያዬ ግብርና ስለሆነ ሳቢያን_ጓሮ ያጋጠማት ነገር ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ያለ አግባብ አይደክምም።

በሳይንሳዊ ስሙ ፖርቱላካ ኦሌራሲያ ይባላል። ግንዱና ቅጠሉ ውሃ ስለሚያከማች ተነቅሎም ለቀናት በሕይወት ይቆያል። አበባ ከያዘ በኋላ ከነቀልሽው ባከማቸው ውሃ ፍሬውን አብስሎ መሬትሽ ላይ ያራግፋል። በመኮትኮቻ የተቆራረጠው ደግሞ እርጥብ አፈር ከነካ ከየቁራጩ ሥር ያወጣል። ስለዚህ ክምርሽ አላረመልሽም፣ ተክሎልሻል።

አሁን ደግሞ ፍሬውን እዪው። አበባው የረገፈበት ቦታ ላይ ትንሽ ሾጠጥ ያለች ጎታ የመሰለች ነገር አለች። በጥፍርሽ ስትነኪያት ክዳኗ ልክ እንደ ሙዳይ ብድግ ይላል። ውስጧን መዳፍሽ ላይ አራግፊው፤ ከአሸዋ ያነሰ ጥቁር ዘር ነው። አንድ የጎለመሰ ተክል ከ200,000 በላይ ዘር ሊያወጣ ይችላል፤ አፈር ውስጥ የተቀበረውም እስከ 40 ዓመት ድረስ የመብቀል አቅሙን ሊይዝ ይችላል። መደብሽ ላይ ዛሬ የበቀለው ምናልባት ቤቱን ከመከራየትሽ በፊት የወደቀ ነው።

ይህ ዘር ለመብቀል ብርሃንና የሞቀ አፈር ይፈልጋል፤ ከ2 ሳንቲሜትር በታች ከተቀበረ አብዛኛው አይወጣም። ስለዚህ መሬቱን ጠልቀሽ በቆፈርሽ ቁጥር ተኝቶ የነበረውን ቀስቅሰሽ ወደ ላይ ታወጪዋለሽ። ላዩን ብቻ ጫር ማድረግ ይሻላል።

በአጭሩ፦ አበባ ሳያወጣ በእጅ ንቀዪው፣ መሬቱ ረጠብ ሲል ከነሥሩ ይወጣል። የነቀልሽውን በፍጹም መደቡ ላይ አትተዪ፤ ቆርቆሮ ወይም ሲሚንቶ ላይ ዘርግተሽ እስኪሰባበር አድርቂው። ፍሬ የያዘውን ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሪ።

---

ገንደቆሬ_አትክልት — ሚያዝያ 10

እኔ ሰላጣና ሽንኩርት አምርቼ ነው የምኖረው፤ ቀፊራ ገበያ ነው የማወርደው። ይቅርታ አድርጉልኝና ይህን አረም የሚያሞግስ ሰው ሽንኩርት ዘርቶ አያውቅም። አምና አንድ መደብ ሙሉ ችግኝ በልቶብኛል። ለሠርግ ተጠምጄ አሥር ቀን ስቀር ሽንኩርቱ ከላዩ አይታይም ነበር። ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በጄሪካን ተሸክሜ ያጠጣሁትን እሱ ጠጣው። ይበላል እያላችሁ ሰው በጓሮው እንዲያስቀምጠው አትምከሩ። ዘሩ በውሃም በጫማም በፍግም ይሄዳል፣ የእናንተ ጓሮ ነገ የእኔ ማሳ ነው።

---

አረም_ነቃይ — ሚያዝያ 10

ገንደቆሬ፣ ያልከው እውነት ነው፤ ሽንኩርት ላይ ቀልድ የለም። የሽንኩርት ቅጠል ቀጭንና ቀጥ ያለ ስለሆነ መሬቱን አያጠላም፣ እድገቱም አዝጋሚ ነው። ሪጅላ ደግሞ ፀሐይ የሚወድ ተክል ነው፣ ሌላው በሙቀት ሲዝል እሱ ያድጋል። ስለዚህ ሽንኩርት፣ ካሮትና የሰላጣ ችግኝ ካለበት መደብ አንድም መቅረት የለበትም፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት።

ከመትከልህ በፊት ይህን ሞክር። መደቡን አዘጋጅተህ ምንም ሳትተክል አጠጣው። በዚህ ሙቀት በሳምንት ውስጥ ይበቅላል። ሁለት ቅጠል ሲያወጣ በጠራራ ፀሐይ በመኮትኮቻ ላዩን ብቻ ጨርፈው፤ በዚያ ዕድሜው ውሃ ስላላከማቸ ተመልሶ አይነሳም። ጊዜ ካለህ ድገመው። ከዚያ ሳትቆፍር ሽንኩርትህን ትከል።

ግንቦትና ሰኔ መሬትህ ባዶ ከሆነ ደግሞ የድሬን ፀሐይ ሥራ ስጣት። መደቡን አስተካክለህ በደንብ አጠጣ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ አፈሩን እንዲነካ አድርገህ ወጥር፣ ዙሪያውን በአፈር ቅበር። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆይ። ጥቁሩ ላስቲክ አፈሩን እንደዚህኛው አያሞቀውም። የሪጅላ ዘር ሙቀት የሚችል ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ብትገልጠው ልፋትህ ከንቱ ይሆናል፤ ጠልቆ ያለውም አይሞትም። ላዩ ላይ ያለው ግን በጣም ይቀንሳል።

---

ጁገል_ግንብ — ሚያዝያ 11

ከሐረር ነኝ። እኛ ጋ ደጋ ስለሚቀናው እንደ እናንተ አይፈነዳም፣ ግን በክረምት ግቢያችን ድንጋይ ለድንጋይ መሀል ይወጣል። ይህን ክር አንብቤ ዛሬ ጠዋት በደስታ አንድ ሳህን ለቀምኩ። ሳጥበው ግን አንዱ ሲሰበር ነጭ ወተት አወጣ፣ ጣቴም ላይ ተጣበቀ። ደንግጬ ሁሉንም ተውኩት። ምንድን ነው?

---

አረም_ነቃይ — ሚያዝያ 11

እንኳን ተውሽው! እሱ ሪጅላ አይደለም። ከቁልቋልና ከቅንጭብ ወገን የሆነ መሬት ለመሬት የሚሄድ ሌላ አረም ነው፣ ወተቱ ይመርዛል፤ አይበላም። ሁለቱ አንድ ላይ ተጠላልፈው ስለሚበቅሉ ሁላችሁም ይህን አስተውሉ፦

የሪጅላ ግንድ እንደ ቀጭን ትል ድቡልቡል ነው፤ ሲሰበር ጠጥ ብሎ ጥርት ያለ ውሃ ነው የሚያወጣው። ጠጉር የለውም። አበባው ቢጫ ነው። የሌላው ግንድ ሽቦ የመሰለ ደረቅ ነው፣ ቅጠሉ ስስ ነው፣ ሲሰበር ወተት ያወጣል። በቆላው በኩል ደግሞ ሪጅላን በጣም የሚመስል፣ አበባው ግን ወደ ሮዝ ወይም ነጭ የሚያደላ አንድ ሌላ አለ፤ እሱንም አትብሉ፣ ሲያረጅ ሆድ ያበላሻል። ለልጆች ለቀማ ስትልኩ አንድ በአንድ ሰብራችሁ አሳዩዋቸው። ጥርጣሬ ካለ ይቅር።

---

ጁገል_ግንብ — ሚያዝያ 11

አላህ ይስጥህ። እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ። ልጄ አጠገቤ ቆማ «እኔም ልቅመስ» እያለችኝ ነበር።

---

ቤሩት_ደርሼ — ሚያዝያ 12

ሊባኖስ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። እዚያ ባቅሌ ነው የሚሉት፣ በእስር በእስሩ በገንዘብ ይገዛል። ድሬ ተመልሼ እናቴ ጓሮ ውስጥ ያን ሁሉ በነፃ ተዘርግቶ ሳየው አላመንኩም። አሠራሩን እኔ ልንገርሽ እህቴ።

ፋቱሽ የሚሉት ሰላጣ አለ። ቲማቲም፣ ኪያር፣ ቀይ ሽንኩርት ትልልቅ አድርገሽ ትቆርጫለሽ። ሪጅላውን ከለጋ ጫፉ ጋር በጣትሽ ትቀነጥሺበታለሽ፤ ቢላዋ ሲነካው ልጋጉ ይበዛል፣ በእጅ ይሻላል። ያደረ ዳቦ ቆርጠሽ በጥቂት ዘይት ጠበስ አድርገሽ መጨረሻ ላይ ትበትኚበታለሽ። ሎሚ፣ ጨው፣ የወይራ ዘይት ካለ፣ ከሌለ የምግብ ዘይት። ሱማቅ የሚሉትን ኮምጣጣ ቅመም እዚህ አላገኘሁም፣ ሎሚውን ጨመር አደርጋለሁ።

ወጡ ደግሞ ለጾም ይሆናል። ሱዳኖች ከምስር ጋር ያበስሉታል፣ አንዲት የሱዳን ጓደኛዬ ናት ያሳየችኝ። እኔ እንደኛ አድርጌዋለሁ፦ ሽንኩርት በዘይት አቁላዪ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም ጨምሪ፣ የተቀቀለ ድፍን ምስር አግቢበት፣ ሲበስል የተከተፈ ሪጅላ ሁለት ጭብጥ ጨምረሽ አምስት ደቂቃ ብቻ። ቃሪያ ሰንጥቀሽ አውጪ። ከቆየ እንደ ባሚያ ይለጋጋል፤ ባሚያ የሚወድ ሰው ይወደዋል፣ የማይወድ ግን ጥሬውን ይብላ። ለእንጀራ ግሩም ነው።

የተረፈውን ግንድ አትጣዪ። በጠርሙስ ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር አድርገሽ አቼቶ ሙዪበት። በሳምንቱ ከፉል ጋር ቅመሺው አቦ!

---

ሳቢያን_ጓሮ — ሚያዝያ 13

ትናንት ማታ ሠራሁት። የአባባን ነው መጀመሪያ የሞከርኩት፣ በእርጎ። ልጆቼ «ሎሚ ጨምረሽበታል?» አሉኝ፤ ጠብታ አልጨመርኩም። ዛሬ ደግሞ ጠዋት ቀጥፌ ብሠራው ከትናንቱ በጣም ኮመጠጠ። መሬቱ ያው፣ ተክሉም ያው። ምን ሆኖ ነው?

---

አረም_ነቃይ — ሚያዝያ 13

ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ሪጅላ ውሃ ሲያጥረው ቀን ቀን የቅጠሉን ቀዳዳዎች ዘግቶ ውሃውን ይቆጥባል፤ አየር የሚስበው ማታ ነው። ማታ የሳበውን በአሲድ መልክ ቅጠሉ ውስጥ ያስቀምጥና ቀን ፀሐይ ስትወጣ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ንጋት ላይ አሲዱ ሞልቶ ይኮመጥጣል፣ ማምሻውን ተሟጦ ለስለስ ይላል። ለሰላጣ መኮምጠጡን ከወደድሽ ጠዋት፣ ለልጆች ከሆነ 11 ሰዓት ላይ ቅጠፊ።

ሌላም ልጨምር። ቅጠላ ቅጠል ውስጥ እምብዛም የማይገኘው የኦሜጋ 3 ስብ በዚህ ተክል ውስጥ በደንብ አለ፤ 100 ግራም እርጥብ ቅጠል ከ300 እስከ 400 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል። አርጤምስ ሲሞፑሎስ የተባለች ተመራማሪ በ1986 (እ.ኤ.አ.) ከባልደረባዋ ጋር ስለዚሁ ጽፋለች። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ግሪክ አገር ሜዳ ላይ ሪጅላና ሌላ ሣር ቅጠል የሚለቅሙ ዶሮዎች እንቁላል በዚህ ስብ የበለጸገ መሆኑን አሳይታለች። ዶሮ ያላችሁ የነቀላችሁትን ለዶሮዎቹ ጣሉላቸው፣ ይሻሙበታል።

---

ውሃ_ጠጡ — ሚያዝያ 14

የበሽተኛ ቃል ስሙኝ። የኩላሊት ጠጠር ሁለት ጊዜ ወጥቶልኛል። ድሬ እየኖሩ ውሃ አለመጠጣት ምን እንደሚያመጣ በሕመሙ ነው የተማርኩት፤ ሌሊት ግድግዳ እየቧጠጥኩ ነው ያደርኩት። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ኦክሳሌት የሚባለው ጠጠር የሚሠራ ነገር የሚበዛባቸውን ቅጠሎች ቀንስ ብሎኛል፣ ቆስጣም ከእነዚያ ነው። ሪጅላስ?

---

አረም_ነቃይ — ሚያዝያ 14

እግዜር ይማርህ ወንድሜ። ሪጅላ ኦክሳሌቱ ብዙ ነው፣ ከቆስጣ ጋር ነው የሚመደበው። ጠጠር ያለበት ወይም የነበረበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይብላ። ሌሎቻችንም ብንሆን በየቀኑ ሳህን ሙሉ አንብላ። ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ይቀንሰዋል። የመጋላዋ እናት በእርጎ መለወሳቸውም ጥበብ አለበት፦ የእርጎው ካልሲየም ኦክሳሌቱን ሆድ ውስጥ ስለሚይዘው ወደ ደም የሚያልፈው ያንሳል።

---

ከዚራ_ጥላ — ሚያዝያ 14

ይህን አላውቅም ነበር። እንዲያው ይጣፍጣል ብለን ነበር የምንበላው።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልለምናችሁ። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋና ከቦይ ዳር የምትለቅሙ ልጆች አይቻለሁ። በእኛ ጊዜ ደቻቱ ሌላ ነበር፤ አሁን የከተማው ቆሻሻ ሁሉ ይወርድበታል። ከዚያ የበቀለውን ለከብትም አትስጡ። ከጓሮአችሁ፣ ምን እንደፈሰሰበት ከምታውቁት መሬት ብቻ ብሉ።

---

ገንደቆሬ_አትክልት — ሚያዝያ 20

ውሃ አጠጥቼ ላዩን የመጨረፉን ነገር በአንድ መደብ ሞከርኩት። በስድስተኛው ቀን እንደ ምንጣፍ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ ምን ያህል ዘር እንዳለብኝ ያየሁት ያኔ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጨረፍኩት፣ እስከ ማታ ድርቅ አለ። አሁን ሁለተኛ ዙር እያጠጣሁ ነው። በቲማቲሙ መሀል ግን በምን ላፍነው? ጭድ ውድ ነው።

---

ቤሩት_ደርሼ — ሚያዝያ 20

እናቴ የለውዝ ቅርፊት ነው የምትጎዘጉዘው። ከባቢሌ ለውዝ አምጥተው የሚፈለፍሉ ሰዎች ቅርፊቱን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው ይሰጡሻል። አራት ጣት ያህል ውፍረት ካለው ምንም አያወጣም። ገረባም (የጫት ትራፊ) ሞክራ ነበር፣ ግን ለገረባው ሲሉ የሰፈር ፍየሎች አጥሩን ጥሰው ገቡ፤ ቲማቲሙን ጨምረው በሉት።

---

አረም_ነቃይ — ሚያዝያ 21

የለውዝ ቅርፊት በጣም ጥሩ ነው፣ ብርሃኑን ይከለክለዋል። ውሃውንም በጎማ መሬቱን ሁሉ ከማራስ በየተክሉ ሥር ብቻ አድርጉት፤ መሀሉ ደረቅ ከሆነ ዘሩ አይነቃም፣ ውሃም ይተርፋችኋል። በውስጥ መስመር ስለ አረም መድኃኒት የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ቅጠል ለምትቀጥፉባት ጥቂት ካሬ ሜትር መርጨት አያስፈልግም። እጃችሁ ይበቃል።

---

ሳቢያን_ጓሮ — ሰኔ 6

የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ከሽንኩርቱ መደብ አንድ ሳላስቀር ነቅያለሁ፣ ቲማቲሙን በለውዝ ቅርፊት ጎዝጉዣለሁ። ለሪጅላው ደግሞ አሮጌ ሳፋ ቀድጄ አፈር ሞልቼ ለብቻው አደረግሁት፤ ሲሚንቶ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ዘሩ ቢረግፍ እንኳ ጠርጌ አነሳዋለሁ። በየአራት ቀኑ ጫፍ ጫፉን እቀጥፈዋለሁ፤ ከሥር ሁለት ጣት ስተውለት እንደገና ያቆጠቁጣል። ቢጫዋን እምቡጥ ካየሁ ያን ቅርንጫፍ ወዲያው ቆርጬ ለዶሮዎቹ እጥላለሁ። መደቡ ላይ አሁንም ይበቅላል፣ ግን በሳምንት አንድ ጭብጥ ቢሆን ነው፤ ቡና እስኪፈላ ለቅሜ እጨርሰዋለሁ።

የጎረቤቴን እናት ባለፈው ቅዳሜ ጠርቻቸው ነበር። በእርጎ አቀረብኩላቸው። አንዴ ጎረሱና ዝም አሉ፤ ከዚያ ለልጃቸው በዐረብኛ አንድ ነገር ተናገሩ። «ጨው አንሶታል ይላሉ» አለችኝ። ሁለተኛ ሳህን ግን ራሳቸው ናቸው የጠየቁት።

አባባ ከዚራ_ጥላ፣ ነገ ልጄ ወደ እርስዎ ሰፈር ስለሚመጣ አንድ እስር ይዞልዎ ይመጣል። ማምሻውን የተቀጠፈ ነው። የት ያግኝዎት?

---

ከዚራ_ጥላ — ሰኔ 6

ተባረኪ ልጄ። አድራሻዬን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። እርጎው ተገዝቷል፤ ነጭ ሽንኩርቱንም ዛሬውኑ ልጬ አስቀምጣለሁ።